በጉን ከነገመዱ

(ጎንደር ከተማ ውስጥ የሃይማኖት አባቶች፣ ወጣቶችና የመንግሥት ሠራተኞች በተገኙበት የምክክር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት የቋንቋ እርማት በቀር እንደተነገረ ተጽፏል።)

ክቡራን አባቶቼ ካህናት፣ የተከበራችሁ ሼሆቻችንና ኢማሞቻችን፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች፣ ከከተማው አስተዳደርና ከየቀበሌው የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ እናቶቼ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችሁ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አሰላሙ ዐለይኩም። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? መልካም።

የጥሪው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ርእሱ «የመንግሥት ሚኒስትር የሃይማኖት ጉዳዮችን በመምራትና የሃይማኖቶችን መከባበር በማጠናከር ረገድ ያለው ድርሻ» ይላል። ደብዳቤው ራሱ ከርእሱ ያጥር ነበር። ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ለመሆኑ ሚኒስትሩ ምን ያደርጋል ትያለሽ?» አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ከመካከል ይቆማል፤ በቀኙ ቄስ፣ በግራው ሼህ ያቆማል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ይሄዳል» አለችኝ። (ሣቅ)

እናንተም ሣቃችሁ። ለምን ሣቃችሁ? ሁላችንም ያንን ፎቶ ስለምናውቀው ነው።

እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ፖለቲከኛም አይደለሁም። ሚኒስትር ቢሮ ደጃፍ የደረስኩት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ «ስብሰባው ተራዝሟል» ተብዬ ተመልሻለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁት በማዘጋጃ ቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ክፍል፣ ሜትር ስጎትት፣ ችካል ስተክል፣ የጠፋ ፋይል ስፈልግ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሚኒስትር የምናገረው ከታች ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ የኖረ ሰው የሚናገረውን ነው። ከላይ የሚያየው ሰው ሌላ ይላችሁ ይሆናል።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው ታሪክ ነው። ሁለተኛው መሬት ነው። ሦስተኛው ማጀት ነው። ማጀት ስል አትገረሙ፤ እንደርስበታለን።

ወደ አንደኛው ልግባ። ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ መንግሥትና ሃይማኖት የሚናገር ሰው አፄ ሱስንዮስን ዘሎ ማለፍ አይችልም። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ምክር ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት አደረጉ። ሕዝቡ ተነሣ። አባት ከልጅ፣ ወንድም ከወንድም ተጋደለ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ በተባለው ቦታ ላይ በሺዎች የሚቆጠር የገዛ አገራቸው ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሡ አዋጃቸውን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለው ያን ጊዜ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1628 ዓ.ም.፣ አፄ ፋሲል ይህችን ከተማ ቆረቆሩ። ልብ በሉልኝ፤ ቱሪስት ሲመጣ ስለ ግንቡ እንነግረዋለን፤ ግንቡ የተሠራው ለሕዝቡ ሃይማኖት ልምረጥለት ያለ መንግሥት ከወደቀ በኋላ መሆኑን ግን አንነግረውም።

ታዲያ ተማርን? አልተማርንም። የፋሲል ልጅ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1660 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ጉባኤ ጠርተው ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ በየሰፈሩ ይኑር አሉ። አዲስ ዓለም የተባለው የሙስሊሞቹ ሰፈር ታሪክ ከዚያ ትእዛዝ ጋር የተያያዘ ነው። ልጅ ሆኜ በስሙ እቀና ነበር። የእኛ ሰፈር ስም በአንድ ደጃዝማች የወጣ ነው፤ የእነሱ ግን አዲስ ዓለም! ካደግሁ በኋላ ነው ከስሙ ጀርባ ያለውን የሰማሁት። ይሁን እንጂ አዋጁ ሰውን ለየው እንጂ ገበያውን መለየት አልቻለም። የሩቁን ንግድ የያዘው ሙስሊሙ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ጨርቅም ቅመምም ይፈልጋል። ጠዋት በአዋጅ የተለየው ሰው ቅዳሜ ገበያ ላይ ተመልሶ ይገናኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው፤ ታውቁታላችሁ። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ አለ፤ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ የተገደደበት። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አለ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደረገ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ አለ። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል፤ ይህ ለምን እንደማይነገር አይገባኝም። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን። አንድ ቃል ብቻ ነው። ግን በዚያች ቃል ውስጥ እንግዳ መሆንና ባለቤት መሆን አሉ።

አሁን ያለነው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥር ነው። አንቀጽ 11ን ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ትሉታላችሁ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ሦስት አጫጭር ንዑስ አንቀጾች ናቸው።

እንግዲህ ጣልቃ አይገባም ከተባለ የሃይማኖትን ጉዳይ የሚይዝ ሚኒስትር ለምን አስፈለገ? ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሥራው መጀመሪያ ፍትሕ ሚኒስቴር ነበር፤ ከዚያ ወደ ፌዴራል ጉዳዮች ሄደ፤ በ2011 ዓ.ም. ሰላም ሚኒስቴር ሲቋቋም ወደዚያ ተዛወረ። የመጀመሪያዋ የሰላም ሚኒስትር ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ሲለዋወጥ ፋይሉ ከቤት ቤት ተንከራተተ ማለት ነው። ስለ ፋይል መንከራተት ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ይወስደኛል። መሬት።

እናንተ ወጣቶች፣ እስቲ ንገሩኝ፤ በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም በነገረ መለኮት ተጣልቶ ያያችሁት መቼ ነው? በምሥጢረ ሥላሴ ተከራክሮ ድንጋይ የተወራወረ ሰፈር ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ጠብ ሁሉ የተጀመረው በወሰን ነው። በአጥር ነው። በመቃብር ቦታ ነው። በታቦት ማደሪያ መንገድ ነው። በድምፅ ማጉያ አቅጣጫ ነው።

አንድ ከተማ ውስጥ ስሠራ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። በአንድ የሙስሊም መካነ መቃብርና አጠገቡ ባለ ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለው የወሰን ውዝግብ «በአስቸኳይ ተፈትቶ ሪፖርት ይደረግ» ይላል። በአስቸኳይ! ፋይሉን ለማግኘት ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብን። ከመደርደሪያ ሥር፣ አይጥ ጥጉን የበላው ሆኖ ተገኘ። አቧራውን ስናራግፈው በእርሳስ የተሣለ አንድ ፕላን ወጣ። በሰሜን መንገድ፣ በምሥራቅ ፈፋ፣ በደቡብ የአንድ ሰው ማሳ ይላል። በምዕራብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ወሰኑ ምን መሰላችሁ? «የወይራ ዛፍ» ይላል። በቃ። ሜትር የለ፣ ችካል የለ።

ይዘነው ሄድን። ወይራ የለም። ማን እንደቆረጠው፣ መቼ እንደቆረጠው የሚያውቅ የለም። በምትኩ ከሁለት ሌሊት በፊት የተተከለ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከወዲህ በኩል ወጣቶች፣ ከወዲያ በኩል ወጣቶች፣ በሁለቱም በኩል የተከመረ ድንጋይ። እኔ በእጄ ያለኝ አይጥ የበላው ወረቀት ነው። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ያዳነን ማን ነው? ሁለት ሽማግሎች። አንደኛው የመካነ መቃብሩ ቆፋሪ፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ሌሊት ሌሊት አንድ እሳት ሲሞቁ የኖሩ ናቸው። «ዛፏን እኛ እናውቃታለን፤ ሥሯ ላይ ነው እሳት የምናነደው» አሉ። ዶማ ተቀብለው መቆፈር ጀመሩ። ክንድ ያህል እንደ ወረዱ ዶማው ጠንካራ ነገር ነካ። ዘበኛው ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ። ቆፋሪው ከወገቡ ቢላዋ አውጥቶ ጉቶውን ፋቅ ፋቅ አደረገው። ሽታው መጣ፤ የታጠነ የእርጎ ዕቃ ሽታ። ወይራ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ አላስፈለገም። ከአጥሩ በወዲህም በወዲያም ያለው ሰው ሁሉ እናቱ ቤት የሚያውቀው ሽታ ነው። አጥሩ ከጉቶው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አልፎ ነበር፤ ተነሣ።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ስለ ጉቶው ጻፍኩ። ስለ ሁለቱ ሽማግሎች ጻፍኩ። ለሁለቱም ይዞታ ካርታ በአስቸኳይ ይሰጥ ብዬ አሰመርኩበት። ከላይ የተመለሰው ምስጋና «የሃይማኖት መቻቻል እሴታችን ተጠናክሯል» የሚል ነበር። ካርታው የተሰጠው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ ቆፋሪው ሞቷል።

አሁን እዚህ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያስበውን ልናገር። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሆነውን እናውቃለን። የቀብር ቀን ነበር። መካነ መቃብርና ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ሰው ቆሰለ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ የእምነት ቤት ተጎዳ። ቀናት ሳይቆጠሩ እሳቱ ወራቤ ደርሶ እዚያ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ማን ጀመረ የሚለውን ዛሬ አልናገርም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያዘነ ሰው አለ፤ በእኔ ንግግር ቁስሉ እንዲነካ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎንደርና ወራቤ ምን ያገናኛቸዋል? ክልላቸው ሌላ፣ አስተዳደራቸው ሌላ። ጎንደር ላይ የተነሣ ጠብ ወራቤ ላይ የሚቃጠል ከሆነ የጎንደር ከንቲባ ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ለምን የፌዴራል ሚኒስትር አስፈለገ ላልኩት ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው።

ሌላው አገር እንዴት ያደርጋል? ኢንዶኔዥያ ከእ.ኤ.አ. 1946 ጀምሮ ለሃይማኖት ጉዳይ ብቻ የቆመ ሚኒስቴር አላት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ደንባቸው አዲስ ቤተ እምነት ለመሥራት የዘጠና ምእመናንን ስምና የስድሳ ጎረቤቶችን ድጋፍ ይጠይቃል። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ሃይማኖትን ከመንግሥት ለይታ፣ የቀረውን ጉዳይ ለአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ሰጠች። የኢንዶኔዥያውን ሳነብ መጀመሪያ ወደድኩት፤ ቁጥር ያለው ነገር ለመሬት ክፍል ሰው ደስ ይላል። ቆይቼ ግን ፈራሁት። ስድሳ ጎረቤት ካልፈረመልህ አትጸልይም ማለት እኮ ነው። ጎረቤትን ዳኛ ያደርገዋል። የኢንዶኔዥያ አናሳ ምእመናን ለዓመታት የሚያማርሩትም ይህንኑ ነው። የእኛ ጎረቤት ደግሞ ዳኛ ከተደረገ ቡና መጣጣቱ ይቀራል።

ስለዚህ እኔ ከሚኒስትሩ የምፈልገው ፊርማ የሚያስቆጥር ደንብ አይደለም። በየከተማው ያለው መካነ መቃብርና የአምልኮ ቦታ ሁሉ ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎ፣ ካርታ እንዲያገኝ ከክልሎች ጋር ተቀምጦ እንዲያስፈጽም ነው። ይህ ፎቶ የሚወጣው ሥራ አይደለም። ጭቃ ያለው ሥራ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ፣ ሙስሊም ወጣቶች ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ሲያጸዱ በቴሌቪዥን ይታያል። ኢድ ሲደርስ ደግሞ ክርስቲያኖች የሰላት ቦታ ሲያጸዱ ይታያል። አያችሁ፣ እኔ ይህን ሳይ ደስም ይለኛል፣ እፈራለሁም። በልጅነቴ ይህ ዜና አልነበረም። ማን ዜና ይለዋል? የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በቀሐ ወንዝ ውኃ ሲሞላ ሙሉውን ቀን ዳር ላይ ቆመን የምናየው ልጆች የማን ልጆች ነበርን? የሁሉም። አሁን ዜና መሆኑ ብርቅ መሆኑን ይነግረኛል።

ሦስተኛው ነጥቤ። ማጀት። ሰዓትዎን እያዩ ያሉ ወንድሜ፣ አይዞዎት፣ እጨርሳለሁ።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ነው። እናቴ አንዲት የአዲስ ዓለም ወዳጅ ነበረቻት፤ እንዲያውም ከዘመድ ትበልጥባት ነበር። እኛ ልጆቹ «እቴቴ» እንላታለን። እቴቴ ከነቤተሰቧ፣ ከነጎረቤቶቿ ልትመጣ ነው። እንግዲህ ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ወጉን ታውቃላችሁ። ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት አባቴ ከመንጋው የደለበውን በግ መርጦ፣ ለእቴቴ ባል ከነገመዱ አስረከበው። ከነገመዱ! በሕይወቱ። አዲስ ድስት ተገዛ። እንጨቱ ለብቻ ተከመረ። ከጓሮ ያለችው ትንሿ ክፍል ተጠርጋ ተሰጠቻቸው። ሼሁ መጡ፣ ቢስሚላህ ብለው ባረኩ። አባቴ ያን ጊዜ የት ነበር? በሩ ላይ። ውሻ እንዳይገባ፣ ሰካራም እንዳይገባ በትሩን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ወደ ውስጥ አንድ ጊዜም አላየም።

አጎቴ የሚባል ጣጣኛ ሰው ነበረን፤ ነፍሱን ይማር። ሽታው ስቦት ሄደ። «ጨው ልቅመስላችሁ» ብሎ ማማሰያውን ሊያነሣ እጁን ሲሰድ እናቴ ደረሰች። እጁን በማማሰያው ቸብ! «አንተ እዚህ ማጀት ምን አገባህ?» አለችው። አጎቴ እየሣቀ ወጣ። እቴቴ ግን አልሣቀችም። ድስቱን ከደነች፤ ከዚያ በኋላ እናቴን ዝም ብላ አየቻት። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

አንቀጽ 11 ማለት ለእኔ ያ ቀን ነው። በጉን ስጥ፤ ከነገመዱ ስጥ። ቦታ ስጥ፣ እንጨት ስጥ። በሩን ጠብቅ። ጨው አትቅመስ።

መንግሥታችን ጨው ቀምሷል ወይስ አልቀመሰም? ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሙስሊሙ ወገናችን «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ በየአርቡ ሲቆም ጥያቄው ምን ነበር? መሪዎቻችንን እኛ እንምረጥ ነው፤ እጃችሁን አንሡልን ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾሙ ተብሎ ምእመናን ጥቁር ሲለብሱ ጥያቄው ምን ነበር? እጃችሁን አንሡልን ነው። ሁለቱ ወገኖች በየዘመናቸው ያሉት ቃል አንድ ነው። ቁጣቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠን ብናነበው ኖሮ ብዙ እንማር ነበር።

ነገር ግን፣ እዚህ ላይ አደራ እንዳትሳሳቱብኝ፣ ሚኒስትሩ ዘወር ይበል እያልኩ አይደለም። አባቴ በጉን ሰጥቶ ገበያ ቢሄድስ ኖሮ? ውሻ ገብቶ ሥጋውን ቢጎትተውስ? «እኔ ጣልቃ አልገባም» ይል ነበር? በር መጠበቅ ጣልቃ መግባት አይደለም። ቤተ እምነት ሊቃጠል ሲል ፖሊስ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ያ ገለልተኛነት አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማኅተሙ ነገር ነው። በአንድ እምነት ውስጥ ሁለት አመራር ሲነሣ፣ ሁለቱም ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሁለቱም ማኅተም ሲያሳርፍ፣ ሚኒስትሩ የማንን ይቀበላል? አንዱን ከተቀበለ ገባ። ሁለቱንም ከተቀበለ ከፈለ። ምንም ካላደረገ ባንኩም ፖሊሱም ግራ ይጋባል። እኔ ለዚህ ቀላል መልስ የለኝም፤ አለኝ የሚል ሰው ካገኛችሁም ተጠራጠሩት። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር የሕግ ቁመና፣ ማለትም ቤተ እምነቱ በሕግ ፊት መታወቁ፣ አስቀድሞ የተስተካከለ እንደሆነ ሚኒስትሩ በችግር ቀን የሚወስነው ያንሳል። ቁመናው እንዴት ዘገየ ብትሉ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 398 የሕግ ሰውነት ሲኖራት፣ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ያገኙት በ2012 ዓ.ም. ነው። ስልሳ ዓመት! ሌሎች እምነቶች ዛሬም በምዝገባ መስኮት ተሰልፈዋል። ለአንዱ በግ ከነገመዱ፣ ለሌላው ገመዱን ብቻ ሰጥተን በእኩል ደግሰናል አይባልም።

ወረቀት ደረሰኝ፤ «ሁለት ደቂቃ» ይላል። አንድ ነው የሚበቃኝ።

ከከተማው አስተዳደር የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ፊት ለፊት ስለተቀመጣችሁ እናንተን ልጠይቅ። በዚህ ከተማ ስንት መካነ መቃብር አለ? ከእነዚህ ውስጥ የይዞታ ካርታ ያላቸው ስንት ናቸው? አሁን መልሱልኝ አልልም፤ ፋይል መፈለግ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። የቀረላችሁ ቆፋሪና ዘበኛ ካለ ግን እነሱን ቶሎ ጠይቋቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል።

የዚያች የእርሳስ ፕላን ቅጂ በቦርሳዬ አለ። ጥጉ እንደተበላ ነው። ሻይ ላይ ማየት የሚፈልግ ካለ እዚያ መስኮቱ አጠገብ ያገኘኛል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።